የማን ነው?

ቲሶን ይሉታል፣ ትንታግ ማለት ነው፤
ከሰል መሳይ ጥቁር፣ ግንባሩ ላይ ብቻ እሳት የቀረው።
ከቫልፓራይሶ ኮረብታ፣ ከቆርቆሮ ቤቶቹ ጫፍ፣
ሁለት መቶ አሥር ደረጃ፣ ሲያርፍ ሲነሣ፣ ሲነሣ ሲያርፍ፣
ዶን ኤሌውቴሪዮ አቅፎት መጣ፤
ከውሻው አፍንጫ ሸሚዙ ላይ ደም ጠብ ይላል፣
በደንብ እንዳልተዘጋ ቧንቧ።

ሽማግሌው የወደብ ክሬን ነጂ ነበር፤ ቃል ይቆጥባል።
«ያስነጥሰዋል» አለ። «ያስነጥሰዋል፣ ከዚያ ይደማል።»
ዶክተር ኦሪያና ባትሪ አብርታ አየች፣
በመርፌ ቀዳች፣ መስታወት ላይ ቀባች፣
ወደ ምድር ቤት፣ ወደ እኔ ላከች።

እኔ ኔሊዳ ነኝ። ክፍሌ መስኮት የለውም።
በማይክሮስኮፑ ሥር ክብ ክብ ሕዋሳት፣
ከተቀደደ ጆንያ እንደ ፈሰሰ ምስር።
ክብ የሆነ ግን ብዙ ነው፤ ክብነት ምን ይመሰክር?
ሊምፎማም ክብ ነው። እሱ ከሆነ
ገዛ ሥጋው ነው የከዳው፤
ወራት ናቸው የቀሩት፣ ያውም ከሰነበተ።
ወይም ያ ሌላው ነው፣ ከውሻ ወደ ውሻ የሚጋባው፣
ሲዋሰቡ፣ ሲላላሱ፣ ሲሸታተቱ የሚሻገረው።
እሱ ግን ከወገብ በታች ነው የለመደው፤
አፍንጫ ላይ ምን አወጣው?
ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ይባላል፤
የእኔ ዓይን አየ፣ ልቤ ግን ፍርዱን ቀጠረ።

ስለዚህ ዘሩን ጠየቅሁ።
ሰው ዘሩን ሲጠየቅ ሰባት ቤት ይቆጥራል፤
ከምንጅላት ወዲያ ምላሱ ይደክማል።
ይህ ዕጢ ግን፣ ያ ከሆነ፣ ቆጠራ አያሻውም፤
ከአንድ ውሻ በቀር አባትም እናትም የለውም።
አንዲት ምልክት አለችው፤
በአንድ ዘረመል ደጃፍ ማንም ሳይጠራት ገብታ
የተቀመጠች ቁራጭ ጽሑፍ፣
ጤነኛ ውሻ እዚያ ቦታ የማይጽፋት።

ሦስት ትንንሽ ቱቦ፦ ከዕጢው፣ ከእግሩ ደም፣
ሦስተኛው ውሃ ብቻ።
ውሃው ዝም ካላለ የቀሩት ሁለቱ ዋሽተዋል።
ፒሲአሩ ሠላሳ አምስት ጊዜ ጋለ፣ ሠላሳ አምስት ጊዜ በረደ፤
ላይ ቤት ሽማግሌው ዳቦውን ለሁለት ገመሰ፣
ትልቁን ለቲሶን ሰጠ፣ ቲሶን አሽትቶ ተወ።

ውሃው ዝም።
ደሙ ዝም።
ዕጢው አበራ፤ አንዲት ቀጭን መስመር፣
በተዘጋ በር ሥር እንደሚታይ መብራት።

ደረጃውን ሮጬ ወጣሁ። «የእሱ አይደለም» አልኩት።
«ምኑ?»
«ዕጢው። ከሥጋው አልበቀለም፤ የሌላ ውሻ ነው።»
«የማን?»

ምን ልበለው? ስም የለው፣ መቃብር የለው፣
ይህ ወደብ ሳይኖር፣ ወደብ የሚባል ሳይኖር፣
ከሺህዎች ዓመታት በፊት የሞተ ውሻ ነው አልኩት።
«ሞተ ትያለሽ» አለ፣ ሸሚዙን እያሳየኝ፤
«ይኸው እዚህ።»
ቆየት ብሎ ደግሞ፦ «አርባ ዓመት ከመርከብ ዕቃ አወረድኩ፤
ይህን በየትኛውም ወረቀት ላይ ተመዝግቦ አላየሁትም።»

የራሱ ቢሆን ኖሮ አጽናናው ነበር።
ባዕድ ስለሆነ ግን መድኃኒት አለው፤
ከአበባ የወጣ፣ በሳምንት አንዴ፣ በደም ሥር የሚሰጥ።
በሰፈራችን «ባዕድ» ስድብ ነው፤
ያን ቀን የምሥራች አድርጌ ተናገርኩት፣
አፌ ግን አልለመደውም ነበር።

ከአራተኛው መርፌ በኋላ ማስነጠሱ ቀረ፤
ፀጉሩ ሳሳ እንጂ ዳቦውን አልመለሰም።
የተረፈው ጠብታ ማቀዝቀዣዬ ውስጥ ነው፤
ቀኑን ጻፍኩ፣ ቁጥሩን ጻፍኩ፤
«ባለቤት» ከሚለው ፊት
ቲሶን ብዬ ጀምሬ ሰረዝኩት።

ትናንት ከበሩ ላይ ቆሜ አየኋቸው፤
በራሱ እግር ነበር የሚወጣው።
አሥረኛው ደረጃ ላይ አንዲት ነጭ ውሻ ተኝታለች፤
ቲሶን አንገቱን አሰገገ፣ አፍንጫውን ዘረጋ፤
ዶን ኤሌውቴሪዮ ገመዱን ጎተተና
«አንተ!» አለው፣ «አፍንጫህን ሰብስብ!»